በካን ቶ ከተማ እንግዳ ራሱ የሚጠቀልለው ምሳ

የሜኮንግ ወንዝ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር በሚወርድበት በደቡብ ቬትናም፣ በካን ቶ ከተማ ምሳ ተጋብዤ ነበር። የምግቡ ስም ጎይ ኩዎን ይባላል። የተቀቀለው ሽሪምፕ፣ የሩዙ ፓስታ፣ ሰላጣውና ናናው ለየብቻቸው ቀርበዋል፤ በአጠገባቸውም እንደ ወረቀት የሳሳ ደረቅ የሩዝ ቂጣ አለ። ይህ ቂጣ በፈላ ውሃ ድስት አፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ በእንፋሎት ይበስልና በቀርከሃ ርብራብ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል።

የቤቱ እመቤት ቂጣውን ውሃ አስነክተው ወዲያው አወጡት። እኔ ግን እንዲለሰልስልኝ ብዬ ባቆየው በእጄ ላይ ተቀደደ፤ በጣም አፈርሁ። እሳቸውም ስቀው በአስተርጓሚው በኩል፣ «ገና ጠንከር እንዳለ ያውጡት፤ ሲጠቀልሉት ይለሰልሳል» አሉኝ።

ማጥቀሻው ኑክ ማም ነው። ትንንሽ ዓሣ በጨው ተደርጎ አንድ ዓመት ያህል ከከረመ በኋላ የሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሽታው ለእንግዳ ይከብዳል። ውሃ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲገባበት ግን እጅግ ይጣፍጣል።

ሁለተኛውን በደኅና ጠቀለልሁ። ሦስተኛውን እመቤቲቱ ራሳቸው ጠቅልለው በሳሕኔ ላይ አኖሩልኝ። ጉርሻ ለብዶ ያደገ ሰው ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።