ስለ ደፈረሰ ውኃና ስለ ተደፈነ ማጣሪያ

አማርኛን ከእናት ጓዳ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች፥ አንዳንዱ ቃል በመሥሪያ ቤት በር ይገባና ከብዙ ዓመት በኋላ በማድ ቤት በር ሲወጣ እናገኘዋለን። «ማጣራት» የሚለው ቃል ለእኔ እንዲህ ያለ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ ሲሆን አማርኛን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ወደ መንግሥት ሥራ በገባሁ ጊዜ በየደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ጉዳዩ ተጣርቶ ይቅረብ» የሚል ትእዛዝ ማንበብ ጀመርሁ፤ ቃሉ ግን ከውኃ የመጣ መሆኑን ያስተዋልሁት በኋላ ነው። ውኃ ይደፈርሳል፥ ይጠራል፤ የጠራው ጥሩ ነው፥ ጥራት አለው፤ የሚያጠራው ዕቃም ማጣሪያ ይባላል። በግዕዝና በትግርኛ «ጽሩይ» የምንለው ንጹሕ ነገር የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ በአማርኛ ጸ ወደ ጠ ስለ ተለወጠ ብቻ እንግዳ መስሎ ይታያል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ይህን አንድ ሥር ብትይዙ ብዙ ቃል ታተርፋላችሁ።

የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ሰዋስው አይደለም፤ በገዳሪፍ በሚኖሩት በአክስቴ ቤት ስላለው አንድ የአሸዋ በርሜል ነው።

ገዳሪፍ ከመተማና ከገላባት በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፥ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል የነበረች የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ናት። ከአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ በየዘመኑ ተሻግረው ኖረውባታል። አክስቴም በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ በእግራቸው ድንበር ካለፉ በኋላ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሠፈር ቆይተው፥ ኋላም በከተማዪቱ ጎጆ ወጥተው ቀሩ። አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፥ በክረምት እግር ይይዛል። የከተማው ውኃ ገሚሱ ከጉድጓድ፥ ገሚሱ በሸዋክ በኩል ከአትባራ ወንዝ ይሳባል፤ ቧንቧ የጠፋበት ሰው አህያ ከሚጎትተው የበርሜል ጋሪ ይገዛል። አትባራና እዚያ ሰቲት የሚባለው ተከዜያችን በክረምት የሚወርዱት ውኃ ሆነው ብቻ ሳይሆን አፈርም ሆነው ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 በሰኔ ወር፥ ደረቅ በነበረው የአትባራ አሸዋ ላይ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሲደርስ አይቶ የግብፅን እርሻ የሚያዳብረው ደለል ከዚህ እንደሚሄድ ጽፏል። ለግብፅ ገበሬ በረከት የሆነው ደለል ለገዳሪፍ ባለቤት ግን ጣጣ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት የዓመት ፈቃዴን ይዤ አክስቴን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ ማጣሪያውን አብረን ሠራን። ነገሩ ቀላል ነው። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይገዛል፤ ከታች ጠጠር፥ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፥ ከላይ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ ይደረግበታል። መውጫው ቧንቧ ከሥር ተነሥቶ በውጭ በኩል ወደ ላይ ይወጣና ከአሸዋው ከፍታ በላይ ይታጠፋል፤ ይኸውም አሸዋው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ምንጊዜም ለብሶ እንዲቀመጥና እንዳይደርቅ ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው በአሸዋው ፊት ላይ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች ስስ ቆዳ ይሠሩና የበሽታውን ጀርም ይይዙታል፥ ይበሉታልም። ጀርመኖች ይህን ቆዳ «ሽሙትስዴክ» ይሉታል፥ የእድፍ ልባስ ማለት ነው። ስሙ ባያምርም ሥራው የታወቀ ነው፤ በፈረንጆች 1892 ሐምቡርግ ያልተጣራ የኤልበ ወንዝ ውኃ ትጠጣ ስለ ነበር ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች በኮሌራ ሲሞቱባት፥ ከእርስዋ በታች ያለችው ጎረቤትዋ አልቶና የዚያኑ ወንዝ ውኃ በአሸዋ አጥርታ ትጠጣ ስለ ነበር እጅግ ቀለላት።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የሸሸው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ፥ አምስት ሰዎች የነበሩበት የአክስቴ ቤት አሥራ ሰባት ሰዎች ሆነበት። በመስከረም 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱ በመንግሥት ታወጀ። በዚያው ሰሞን አክስቴ ደወሉልኝና «ልጄ፥ ማጣሪያህ ሞተ» አሉኝ። ውኃው እንደ እንባ ይንጠባጠብ ነበር። ልጆቹ ተራ መጠበቁ ሲሰለቻቸው ከጋሪ የወረደውን ጥሬ ውኃ ከዚሩ እየቀዱ መጠጣት ጀምረዋል፤ አንድ ጎረቤትም በርሜሉ ከሥሩ ይበሳ የሚል ምክር ሰጥቷል። እኔ በሥራዬ ምክንያት አዲስ አበባ ስለ ነበርሁ፥ በእጄ የምነካው ነገር አልነበረኝም። እንግዲህ ነገሩን በጆሮ ብቻ ማጣራት ግድ ሆነ።

በመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ባለ አንድ ሊትር ጆግ ይዞ በስልኩ ሰዓት እንዲለካ ጠየቅሁ። በተሠራ ጊዜ ጆጉን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ያልፈው ነበር፤ አሁን 20 ደቂቃ ፈጀ። ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ ቢወርድ 72 ሊትር ማለት ነው፤ ይህም ለአሥራ ሰባት ሰው በነፍስ ወከፍ ከአራት ሊትር ብዙ አያልፍም። በትልልቅ ሆቴሎች የመዋኛ ገንዳ ላይ ያለው የአሸዋ ማጣሪያ የግፊት መለኪያ አለው፤ መርፌው ከንጹሑ ጊዜ ከፍ ሲል ጠባቂው ውኃውን ወደ ኋላ መልሶ አሸዋውን ያጥበዋል። የአክስቴ በርሜል መርፌ የለውም፤ ጆጉና ሰዓቱ መርፌው ናቸው። ወደ ኋላ ማጠቡም ለእንደዚህ ያለው ዝግተኛ ማጣሪያ አይሆንም፥ አልጋውን ያምሰዋልና።

ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ሄድን፤ አንድ ነገር ብቻ እየነካን፥ ከያንዳንዱም በኋላ ጆጉን እየለካን። ሁለት ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው ውኃው ቢፈታለት እንኳ የፈታው ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ልጁ የመውጫውን ቧንቧ ፈቶ አየ፤ ንጹሕ ነው። ውኃ የሚያርፍበትን የተበሳሳ ሰሃን አየ፤ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው። በጆጉ ሥር አሸዋ ይታይ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ የለም አለ፤ እንግዲያውስ የታችኛው ጠጠር አልፈረሰም። በመጨረሻ የአሸዋውን ፊት በጣቱ እንዲነካ ነገርሁት። «ሳሙና ይመስላል፥ አንድ ጣት ያህል ይወፍራል» አለኝ።

ይህ ሕያው ቆዳ አይደለም፤ ቆዳው ስስ ነው። ይህ የጥቁር አፈር ሸክላ ነው። ልጁ ላዩን ብቻ በመዳፉ ቀስ ብሎ እያወከ የደፈረሰውን ውኃ በጣሳ ጨልፎ እንዲደፋ፥ እስኪጠራም ሦስትና አራት ጊዜ እንዲደጋግም አደረግን። ጆጉ በሦስት ደቂቃ ሞላ። ከዚህም የምንረዳው መደፈኑ ከላይ እንጂ ከጥልቁ አለመሆኑን ነው፤ ባይፈታ ኖሮ አሸዋው ሁሉ ወጥቶ ይታጠብ ነበር። ቤቱ እልል አለ። በማግሥቱ ግን ዘጠኝ ደቂቃ፥ በሦስተኛው ቀን አሥራ ስድስት ደቂቃ ሆነ።

«ውኃው ከጋሪው ከወረደ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። ቀድሞ በሁለት ትልልቅ እንስራ አድሮ፥ ላይ ላዩ ብቻ ወደ በርሜሉ ይገለበጥ ነበር። አክስቴ ዝም አሉ፤ ወደ ውጭ ወጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ እንግዶቹ ሊረዷቸው ብለው በየሰዓቱ ከጋሪው እየቀዱ በቀጥታ እንደሚጨምሩበት ነገሩኝ። «ታዲያ ይንገሯቸው» ብላቸው፥ «ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣን ሰው ውኃዬን ደፈንህብኝ ልበለው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እኔ የማውቀው ማጣሪያው ምንም በደል እንደሌለበት ብቻ ነበር።

ሸክላ አስቸጋሪ ነገር ነው። ቅንጣቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ሁለቱን አያህልም፤ በአንድ ሌሊት ደለሉ ሲዘቅጥ እርሱ ግን ለቀናት ሳይዘቅጥ ይቆያል። ቅንጣቶቹ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ኃይል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም። ክሎሪን ቢጨምሩበትም እድፉ መድኃኒቱን በከንቱ ይጨርሰዋል፤ በማጣሪያው ላይ የተደረገ እንደ ሆነ ደግሞ ሕያዉን ቆዳ ይገድላል። ስለዚህ የክሎሪን ስፍራው ከማጣሪያው በታች፥ በጠራው ውኃ ላይ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከእንግዶቹ መካከል ነው። በሰሜን ሱዳን በአባይ ዳር ያደጉ አንዲት አሮጊት፥ አክስቴ ጓዳ ውስጥ ባዶ የቀሩትን እንስራዎች ሲያዩ «ረዋግ የላችሁም?» ብለው ጠየቁ። ረዋግ ማለት አጥሪ ማለት ነው፤ ሸጀረት አል ረዋግ የሚሏት ዛፍ እኛ በደቡብ ሽፈራው የምንላት ዛፍ እኅት ናት። በካርቱም የኖሩት ሊቅ ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የሱዳንን ሴቶች ይህን ልማድ ለብዙ ዓመታት መርምረው በፈረንጆች 1981 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የፍሬዋ ፕሮቲን ከሸክላው ተቃራኒ የሆነ ኃይል ስላለው ቅንጣቶቹን አያይዞ ከባድ ያደርጋቸዋል። በጣም ለደፈረሰ ውኃ በሊትር ሁለት ፍሬ፥ ቀለል ላለው በሊትር አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ፍሬው ተላጦ ነጩ ይወቀጣል፥ በጥቂት ውኃ ይበጠበጣል፥ በጨርቅ ተጠልሎ እንስራው ውስጥ ይገባል፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፥ አምስት ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። ጀርሙን ሁሉ ግን አይገድልም፤ ካደረም ይሸታል።

ፍሬው ከገበያ ተገዛ። አሮጊቲቱ በእንስራዎቹ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንዲት ጣሳ ወደ በርሜሉ የሚጨምር አልተገኘም። አክስቴም ለማንም አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ ቀሩ። ልጁ የአሸዋውን ፊት እንደገና አጠበ፤ ቆዳው እስኪታደስ ሦስት ሳምንት ያህል የሚወርደው ውኃ ሁሉ ክሎሪን ተደረገበት። ከቤቱ ማንም አልታመመም። ይህ በማጣሪያው ይሁን በክሎሪኑ ወይም በእግዚአብሔር ቸርነት፥ ከአዲስ አበባ ሆኖ መናገር አይቻለኝም።

በጥር ወር በደወልሁ ጊዜ ጆጉ በሁለት ደቂቃ ይሞላ ነበር። አሮጊቲቱ ከፍሬው ጥቂቱን በግቢው ጥግ ዘርተውት ኖሮ ጉልበት አክሏል፤ ፍየል እንዳይበላውም በተቀደደ የዘይት በርሜል ከልለውታል።