ንፋስ የሚሸጥ ማሽን

ንፋስ ማንም የማይከፍልበት ነገር ይመስላል። ጎሚስታ ቤት የገባ ሰው ግን ንፋስም እንደሚሸጥ ያውቃል። ዘንድሮ እኛ ቤት ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ስድስት ዓመት የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ የእቁብ ዕጣው ሲወጣለት በግቢያችን በር ላይ ጎማ መጠገኛ ሊከፍት ቆረጠ። ክሪኩም፣ የጎማ መፍቻውም በትንሽ በትንሹ ተገዝቷል። የቀረው ኮምፕሬሰሩ ነው። እሱ ደግሞ የእቁቡን ብር ጠቅልሎ የሚወስድ ዕቃ ነው። የማይሆን ዕቃ ቢገዛ ሁለተኛ ዕጣ የለውም።

ውድ አንባቢያን፣ "ጋዜጠኝነት የምትማር ልጅ ከኮምፕሬሰር ጋር ምን አገናኛት?" ትሉ ይሆናል። የሄድኩት "ወረቀቱን ታነብልኛለች" ተብዬ ነው። መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ግን ክፍል ውስጥ የምንማረው "ማን አለ? በምን ያውቃል?" የሚለው ጥያቄ ከዜና ውጪም እንደሚሠራ አየሁ።

ሻጮቹ የሚነግሩን የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። "ይሄ 2 ፈረስ፣ ያ 3 ፈረስ!" ጠያቂዋ እኔ ሆኜ መልሱ የሚሰጠው ለወንድሜ ነው። ይሁን፣ መልሱ ይምጣ እንጂ! ለመሆኑ ጎማ ቶሎ የሚነፋው በምንድን ነው? ማሽኑ በደቂቃ በሚሰጠው የአየር መጠን ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚስበውና አምቆ የሚያወጣው። ማሽኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚስበው ነው። የሚያወጣው ከዚያ በደንብ ያንሳል።

በዚህ ላይ የከፍታ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሯ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ማሽኑ የሚስበው አየር ራሱ ስስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሩብ ያህል ቀንሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን የነገረን ሻጭ አልነበረም።

ማታ ማታ ከጋሽዬ ጋር ደብተር ይዘን እናሰላለን። የአንድ የቤት መኪና ጎማ ውስጡ 30 ሊትር ይይዛል እንበል። ግፊቱ 32 ፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም 2.2 ባር ያህል ነው። 30ን በ2.2 ስናባዛ 66 ሊትር አየር ይመጣል። 100 ሊትር ቋት ያለው ኮምፕሬሰር ከ8 ባር ወደ 6 ባር ሲወርድ 200 ሊትር ይሰጣል። ሦስት ጎማ ሞልቶ ሞተሩ ይነሳል ማለት ነው። የከባድ መኪና ጎማ ግን ከ100 ሊትር በላይ ይዞ ወደ 8 ባር ስለሚፈልግ፣ አንዱ ብቻ ከ800 ሊትር በላይ ይጠጣል።

ጋሽዬ ደግሞ የሚፈልገው የከባድ መኪናውን ገንዘብ ነው። አንድ ቦታ ያገለገለ ባለ 300 ሊትር አገኘ፤ ዋጋው ከአዲሱ ባለ 100 ሊትር ብዙም አይለይም። "ሥራ ማለት ይሄ ነው!" አለኝ፤ ዓይኑን ከዚያ መንቀል አቃተው። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሳይ የብየዳ ልጥፍ አለው፤ በላዩ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩን ለምን እንደተበየደ ስጠይቀው "ምንም አይደል፣ ትንሽ ያፈስ ነበር" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ቋቱ ሥር ይጠራቀማል። በየጊዜው ካልተለቀቀ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አንድ ቦታ ከቀደደ ዙሪያውም መሳሳቱ አይቀርም። 8 ባር ማለት ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 8 ኪሎ ያህል ጫና ነው፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነች መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ 800 ኪሎ! ይህ ማሽን የሚቀመጠው እናታችን ቡና ከምታፈላበት በረንዳ አምስት እርምጃ ርቆ ነው።

"ቋቱ በውሃ ግፊት ተፈትኖ ከሆነ ወረቀቱን እንይ" አልኩ። ወረቀት የለም። ጋሽዬ ተቆጣ፤ "አንቺ ደግሞ ሁሉንም ነገር ምርመራ ታደርጊዋለሽ!" ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ታላቅን መቃወም ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡም የእሱ ላብ ነው። ስሌቱን ደብተሩ ላይ ትቼለት ዝም አልኩ።

በአራተኛው ቀን ራሱ የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን ይዞ መጣ። የቤታችን ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ ነው፤ ያ ትልቁ ማሽን ደግሞ ስሪ ፌዝ ይፈልጋል። ባለ 3 ፈረሱ እንኳ 2.2 ኪሎዋት ስለሆነ በ220 ቮልት ከ10 አምፒር በላይ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። ስለዚህ የራሱ መስመርና የራሱ ፊውዝ ተዘረጋለት። ጋሽዬም አዲሱን ባለ 100 ሊትር ገዛ። በቺንጋ የሚዞረውን ነው የመረጠው፤ ፓምፑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቶሎ አይግልም፣ ድምፁም ይቀንሳል፤ ቺንጋው ሲያልቅም ቺንጋውን ብቻ መቀየር ነው።

አሁን ባጃጅና ሚኒባስ ይስተናገዳሉ። ከባድ መኪና ሲቆም "ወደ ዋናው መንገድ ውጣ" ይላል፤ ያኔ ቅር እንደሚለው ከፊቱ አያለሁ። ትንሹ ማሽን ያስቀረበት ገቢ አለ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ማታ ማታ ግን የቋቱን ውሃ ሳይለቅ አይተኛም። እናታችንም በረንዳዋ ላይ ቡናዋን እያፈላች ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የምለው ይኸንኑ ነው፤ አንድ ሰው ትልቅ ቁጥር ሲነግረን ከመጻፋችን በፊት "የምን ቁጥር ነው?" እንበል።

ቸር እንሰንብት።