ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት መታደስ

ከቴፒና ከሚዛን ተፈሪ ተነሥተን በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ ስንመጣ፥ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ከመንገዱ አልተለየንም። በዚህ አገር ዝናቡ ብዙ ነው፤ ቤቱም የእንጨት ነውና ዕድሜው አጭር ነው። የከፋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው የአንደራቻው ቤተ መንግሥትማ ዝናቡን ሳይጠብቅ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በሆነው ጦርነት ጠፋ። በዚያው አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ግን ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብረው ስለ ነበር፥ ከጅማ ከተማ በላይ በጅሬን ኮረብታ ያሠሩት ባለ ሰገነት የእንጨት ቤት እስከ ዛሬ ቆሞአል።

ነገር ግን የቆመው ሲጠገንና ሲታደስ ነው። እንግዲህ ሳንቃው የተለወጠ ቤት በቅርስነት ሊመዘገብ ይገባዋልን? አይገባውም ለሚል ሰው አንስማማም። እንጨት ካልተለወጠ ይበሰብሳል፤ ቤቱን የንጉሡ ቤት የሚያሰኘው አሠራሩና ቅርጹ ነው። የሚያስፈራውስ ባለማወቅ የሚደረግ እድሳት ነው። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ በሲሚንቶ ያደረጉት ጥገና ጉዳት ስላመጣ፥ ኋላ እንዲነሣ ሆኖአል። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፥ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ እንዳይጠገን መደንገጉን እናመሰግናለን።

የአያቶቹን ቤት የሚያድስ ባለቤትም አሮጌውን በርና ምሰሶ ለማገዶ ከመስጠቱ በፊት ልኩን ያስጽፍ፥ ፎቶግራፉንም ያስነሣ። በጅሬንም ቢሆን የትኛው እንጨት የንጉሡ ዘመን፥ የትኛው የትናንት እንደ ሆነ በመዝገብ ሊገባ ይገባል።