የውሰት ብሬስ

እኔ የ7ኛ «ለ» ተማሪ ነኝ። ስሜን ባልጽፍም «ሮቦቷ» ከተባለ ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ። ስሙን ማን እንዳወጣልኝም አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም፤ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ጉዳቱ የደረሰብኝ በእረፍት ሰዓት ሱዚ ስንጫወት ነው። ገመዱ ወገብ ላይ ደርሶ ነበር። ስዘል እግሬ ተጠላለፈና ጉልበቴ ተጠምዞ ወደቅኩ። ማታ ላይ ጉልበቴ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ። እማዬ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ሊያሹኝ ነው ብዬ ገና ሳይነኩኝ ጮህኩ። ሽማግሌው ግን ትንሽ ዳሰስ አደረጉና «ይሄ ወለምታ አይደለም፤ እኔ አልነካውም፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት» አሉ። እንደዚያ ቀን ወጌሻ ወድጄ አላውቅም።

ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ እንዳስረዳን ጉልበት ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዝ ጅማት አለ። ትልቅ ሰው ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ጅማቱ ራሱ ይበጠሳል። በእኛ ዕድሜ ግን አጥንታችን ገና እያደገ ስለሆነ አንዳንዴ ጅማቱ ሳይበጠስ የአጥንቱን ጫፍ ቦጭቆ ይነሳል። የእኔም እንደዚያ ነው። በቀዶ ሕክምና ወደ ቦታው መልሰው በብሎን አሰሩት። (አይ፣ ዝናብ ሲመታኝ አይዝግም። ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህን የጠየቃችሁኝ!)

መጀመሪያ ጄሶ ታሰረልኝ። ጄሶው ሲፈታ ጭኔ ከመቅጠኑ የተነሳ የሌላ ሰው እግር መስሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ብሬስ ታዘዘ። እማዬ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው የምታስተምረኝ። ዋጋውን ስትሰማ ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። ማታ ጎረቤታችን እትዬ ልጃቸው ኳስ ሲጫወት ተጎድቶ ያደርገው የነበረውን ብሬስ በፌስታል ይዘው መጡ። «ስትጨርስ መልሱልኝ፤ ነገ ደግሞ ሌላ የሚቸገር ይመጣል። አደራ!» አሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታ ለእኔ እግር አሳጠረችው።

ብሬሱ ጥቁር ነው። ከውስጥ ስፖንጅ፣ ከግራና ከቀኝ ብረት፣ ሲፈታ ጭርር የሚል አራት ማሰሪያ አለው። ጉልበቱ ጋ ደግሞ እንደ ፕሮትራክተር 0፣ 30፣ 60፣ 90 እያለ ተጽፎበታል። መቆለፊያው 30 ላይ ከሆነ ጉልበቴ ከ30 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም። 90 እስኪደርስ ድረስ እግሬን መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ ነበር የምቀመጠው፤ የረገጣችሁኝም ታውቃላችሁ። ለሂሳብ መምህራችን እንዲህ እላለሁ፦ ቀጤ ዘዊት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ደሴ ደግሞ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ብሬሱ እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይደርሳል። መላው ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ ከጉልበት በታች ያለውን ማሰሪያ ማጥበቅ፣ ከዚያ ሌሎቹን። በጣም ካጠበቅኩት የእግሬ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ያኔ ላላ አደርገዋለሁ። ከሥር ረጅም የጥጥ ካልሲ እለብሳለሁ፤ ላቡ ቆዳ ይልጣላ። ስፖንጁ ሲሸት አውጥቼ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በእጄ አጥበዋለሁ። መድረቅ ያለበት በጥላ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ቶሎ ይድረቅ ብዬ የእማዬ ምጣድ አጠገብ አስጠጋሁት። አንድ በኩሉ ኩምትር ብሎ እንደ ደረቀ ዳቦ ሆነ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስሄድ እንዳላወልቀው ነግራኛለች። እኔ ግን «ሮቦቷ መጣች» ሲባል ከቀሚሴ በታች ያ ጥቁር ነገር እንዲታይ አልፈለግሁም። ጠዋት ከበሩ ራቅ ብሎ ካለው ባሕር ዛፍ ጀርባ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ማታ ስመለስ አስረዋለሁ። ሁለት ቀን ማንም ምንም አላለኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ መጸዳጃ ቤት ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ብሎኑ የተነቀለ መሰለኝ። ተነስቼ ላጠልቀው ስል ደግሞ በችኮላ ስመነጭቀው የሰነበትኩት የላይኛው ማሰሪያ ስፌቱ ተተርትሯል።

ለዳቦ የተሰጠኝን ብር ይዤ ጫማ ሰፊው ጋ ሄድኩ። እሳቸው በወፍራም ክር ሰፉት። ለእማዬ «በራሱ ጊዜ ተተረተረ» አልኳት። እሷም «አሮጌ ስለሆነ ነው» ብላ አመነችኝ። ቀጠሮዬ ገና 11 ቀን ቀርቶት ነበር። በእነዚያ ቀናት ሌሊት እየነቃሁ ጉልበቴን እዳስስ ነበር። እማዬ ያመመኝ መስሏት ትነሳና እግሬን በጋቢዋ ትሸፍነዋለች። እንዲህ ስታደርግ ውሸቴ ይብስብኛል። በቀጠሮዬ ቀን ራጅ ተነሳሁ፤ ብሎኑ ቦታው ላይ ነበር። ለፊዚዮቴራፒስቷ ብቻ እውነቱን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ «አብሽሪ፤ ግን እንዳይደገም» ብላ በፎጣ ላይ ጉልበቴን ተጭኜ እስከ 5 የምቆጥርበትን እንቅስቃሴ እጥፍ አደረገችብኝ።

ይህ መጽሔት የሚለጠፈው በወላጆች ቀን ስለሆነ እማዬም ታነበዋለች። እማዬ፣ ማሰሪያው በራሱ ጊዜ አልተተረተረም።

ብሬሱን ቅዳሜ እመልሳለሁ። አጥቤ በጥላ አድርቄዋለሁ። ስፖንጁ በአንድ በኩል እንደተበላሸ ለእትዬ ራሴ ነኝ የምነግራቸው። ከእኔ በኋላ ለሚያደርገው ሰው ደግሞ «መጀመሪያ ከጉልበት በታች ያለውን እሰር» የሚል ወረቀት ጽፌ ፌስታሉ ውስጥ ከትቻለሁ።