የመርሳ እናቶች የሚፈሩት መብረቅ

እኛ አገር አብዛኛው ሰው አውሮፕላንን የሚያውቀው ተሳፍሮበት ሳይሆን ልጁን አሳፍሮበት ነው። በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በግራና፣ በጠቅላላው በሀብሩ ወረዳ ወደ ዓረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት ፈልጉ ብትባሉ ብዙ ትደክማላችሁ። እናት ቪዛው ላይ የተጻፈውን አታነብም፣ የአሠሪዋን ስም አጥርታ አትጠራም፤ የበረራውን ሌሊት ግን ታውቃለች። የዚያን ሌሊት ሰማይ እያየች ታድራለች።

ሰማዩ ካጉረመረመ ደግሞ አንድ ወሬ መነሣቱ አይቀርም፦ "ያ ቤይሩት ላይ መብረቅ የመታው አውሮፕላን።"

ወልዲያ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር ከዘመድ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ዘንድሮ የደወለችው አክስቴ ናት፤ ልጇ ሐምሌ ላይ በራሪ ነች።

"አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ፤ መብረቅ እሰማይ ላይ ቢያገኛትስ?"

"አውሮፕላኑን ሊያገኘው ይችላል እትዬ፣ እሷን ግን አያገኛትም" አልኳት።

"ያረቢ!" አለች። ከዚያ በኋላ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመንገደኞች ጄት በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል በመብረቅ ይመታል። ብዙ ጊዜ መብረቁን የሚቀሰቅሰው ራሱ አውሮፕላኑ ነው፤ በኤሌክትሪክ በተሞላ ደመና ውስጥ ሲያልፍ ብልጭታው ከአፍንጫው ወይም ከክንፉ ጫፍ ይነሣል። ነገር ግን አካሉ አሉሚኒየም ነው። ኤሌክትሪኩ በቆዳው ላይ ተንሸራቶ በጅራቱ ወይም በሌላኛው ጫፍ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ለአክስቴ የነገርኳት ምሳሌ የጎርፍ ነው፦ ከተራራው የወረደ ጎርፍ በቤትሽ ዙሪያ ጥሩ ቦይ ካገኘ ቦዩን ይዞ ይሄዳል፣ መደቡን አያረጥብም። ውስጥ ያለው ሰው ብርሃን ያያል፣ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰማል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ሲያርፉ ቴክኒሻኖች ቆዳውን ይፈትሻሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት የሳንቲም ያህል የተቃጠለ ነጥብ ነው።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤፍ 106 የተባለ ጄት ሆን ብሎ ወደ ነጎድጓድ ደመና እየላከ 714 ጊዜ በመብረቅ አስመትቶታል። አውሮፕላኑ ጥናቱን ጨርሶ በሰላም ጡረታ ወጣ። የኛው አየር መንገድ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ደግሞ አካሉ በአብዛኛው የካርቦን ውጤት ነው፤ ካርቦን እንደ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በቆዳው ውስጥ ቀጭን የመዳብ መረብ ተቀብሮበታል። ቦዩን ሰው ሠራው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በነፃ የተገኘ እውቀት አይደለም። በታኅሣሥ 1963 (እ.ኤ.አ.) የፓን አም በረራ 214 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ላይ መብረቅ የነዳጅ ጋኑን ትነት አቀጣጥሎበት 81 ሰዎች አልቀዋል። የዛሬዎቹ የነዳጅ ጋኖች አሠራር ከዚያ አደጋ የተማረ ነው። በ2019 ደግሞ ሞስኮ ላይ አንድ የኤሮፍሎት አውሮፕላን ተመትቶ ከኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ተቋረጡበት፤ በሰማይ ግን አልወደቀም። ተመልሶ ሲያርፍ ነጥሮ ነጥሮ በእሳት ተያያዘና 41 ሰው ሞተ። ስለዚህ "በፍጹም አይሆንም" የሚል አስተማሪ እንዳትሰሙ። እጅግ ብርቅ ነው ማለት ግን ይቻላል።

ወደ ቤይሩቱ ልምጣ፤ የአክስቴ ጥያቄ ሥሩ እዚያ ነውና።

ጥር 17 ቀን 2002 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ቦይንግ 737 ነበር። አካባቢው ነጎድጓዳማ ነበር። ከተነሣ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ቆይቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገባ፤ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አብዛኞቹ ሊባኖሳውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከኛዎቹ ውስጥ በሰው ቤት ሠርተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩበት። የእሳት ኳስ አየን ያሉ የባሕር ዳር ሰዎች ነበሩ። በዚያው ሳምንት መርሳ ላይ ወሬው "መብረቅ መታው" ሆኖ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

የሊባኖስ መርማሪዎች በጥር 2004 የመጨረሻ ሪፖርታቸውን አወጡ። ምክንያቱ የበረራ ሠራተኞቹ ፍጥነትን፣ ከፍታንና አቅጣጫን በአግባቡ አለመያዛቸውና አውሮፕላኑን መቆጣጠር ማጣታቸው ነው አሉ። አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ በአየር ላይ በፍንዳታ ተበታትኗል፣ መንስኤውም ተተኩሶበት ወይም ሻጥር ወይም መብረቅ ሊሆን ይችላል ሲል መለሰ። ሁለቱ ወገኖች በዚያው ተለያዩ።

የኔን አስተያየት ልናገር። ከሦስቱ መላ ምቶች ውስጥ በጣም ደካማው የመብረቁ ይመስለኛል፤ ከላይ በዘረዘርኩት ምክንያት። በነጎድጓድ ደመና አጠገብ አብራሪ የሚፈራው ብልጭታውን አይደለም፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጥለውን ነፋስ፣ በረዶውን፣ በጨለማ ውስጥ አግድመትን የሚያሳጣውን ውዥንብር ነው። አውሮፕላኖች የአየር ጠባይ ራዳር የሚይዙትም ደመናውን ለመሸሽ ነው።

ታዲያ ከሦስቱ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደው ለምን መብረቁ ሆነ? ስለሚያሳርፍ ይመስለኛል። መብረቅ የፈጣሪ ነው፤ ከፈጣሪ ጋር ማን ይካሰሳል? ሊባኖስን አትከስም፣ አየር መንገዱን አትጠይቅም፣ ሴቶቹ በምን ሁኔታ ሠርተው እንደተመለሱም አታነሣም። ለሐዘንተኛ ማረፊያ ቢሆነው አልፈርድበትም። እኛ ዜና የምንከታተለው ግን "መብረቅ ነው" ብለን ፋይሉን መዝጋታችን ደስ አይለኝም። ሁለት ተቃራኒ መልስ የተሰጠው ጥያቄ አልተመለሰም፤ የሟች ቤተሰብም ማወቅ የሚገባው እንዴት እንደሞቱበት ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችና ያልጠበቅሁትን ጠየቀች፦ "እሺ እሷስ ቦይ አላት። እኛስ?"

እውነቷን ነው። መብረቅ የሀብሩን ሰው የሚያገኘው ሰማይ ላይ አይደለም፤ ከብት ሲጠብቅ፣ ሲያርስ፣ ዝናብ ሊያሳልፍ ዛፍ ሥር ሲቆም ነው። የአውሮፕላን ተሳፋሪ በሚሊዮን ብር ምርምር ተሸፍኗል፤ እረኛው የተሸፈነው በጋቢ ነው።

ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ላስቀምጠው። ዝናብ ሲመጣ ዋርካ ሥር መጠለል የለም፤ መብረቅ ዛፉን ይመታና ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል። መሬት የመታ መብረቅ በአፈሩ ውስጥም ይሰራጫል፤ በሬ ቶሎ የሚሞተው የፊትና የኋላ እግሮቹ ስለሚራራቁና ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በደረቱ አልፎ በሌላው ስለሚወጣ ነው። ሜዳ ላይ መድረሻ ያጣ ሰው እግሮቹን ገጥሞ ይቁነጠጥ፣ አይተኛ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ አባዱላ ውስጥ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ጥሩ ነው፤ ብረቱ ልክ እንደ አውሮፕላኑ ቆዳ በዙሪያችሁ ያሳልፈዋል። ጎማው ነው የሚያድነው የምትሉ ተውት፣ ብረቱ ነው። ባጃጅ ግን ጎኑ ክፍት ስለሆነ አይታመንም።

ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ እስከ ድምፁ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ካጓራ ወደ ቤት ግቡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ከዚህ በላይ ያለው የወረዳና የቀበሌ ሥራ ነው። በቆርቆሮ የተሸፈኑ፣ ኮረብታ ላይ የተሠሩ ስንት ትምህርት ቤቶች አሉን? መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርድ የመዳብ ዘንግና ገመድ፣ በደንብ የተቀበረ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ሊገዛ የማይችል ነገር አይደለም። ግንቦት ላይ ሊጠየቅ ይገባው ነበር፤ ሐምሌም ቢሆን አልመሸም። አክስቴ ለቀበሌው ሊቀመንበር እነግረዋለሁ ብላለች፤ ያሳደገችው ልጅ ስለሆነ ይሰማታል ብዬ አስባለሁ።