ጋሽ ግርማ ወደ ፒያኖው ሲመለሱ

ባለፈው ወር ለሕክምና ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ፣ ባልባላ ከአንድ ያገሬ ልጅ ዘንድ ስድስት ሌሊት አድሬ ነበር። ከከተማ ስኳርና ሳሙና ይዤ ባለመመለሴ እንዳትቀየሙኝ፣ ወገኖቼ፤ ያየሁትን ፊልም ላጫውታችሁ።

ያየነው ሁለታችን ነን፤ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ። የፖላንዱ ማቼይ ቦህኒያክ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ስለ ቀድሞው የአዲስ አበባ ሙዚቃ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ነው። በውስጡ ካሉት ሰዎች ልቤን የያዙት ጋሽ ግርማ በየነ ናቸው።

ታላላቆቻችን ያውቋቸዋል። ወጣቶቹ ግን ስማቸውን ሳትሰሙ ሥራቸውን ሰምታችኋል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ፣ የዓለማየሁ እሸቴንና የሌሎችንም ዘፈኖች ያቀናበሩ ሰው ናቸው። በራሳቸው ድምፅ በዚያን ዘመን ሸክላ ላይ ያስቀሩት አራት ዘፈን ብቻ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ እዚያው ቀሩ። ፒያኖው ቀረና ቤንዚን ማደያ ሠሩ።

ወሬው ማደያው ላይ ሲደርስ ወዳጄ ብድግ ብሎ ወጣ። ድሬዳዋ ሳለ በሠርግ ቤት ኦርጋን ይጫወት ነበር፤ አሁን ወደቡ አካባቢ የመጋዘን ዘበኛ ነው። አልተከተልኩትም።

ሰዎች ይህን «ውድቀት» ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ቤንዚን መቅዳት እንጀራ ነው። የከበደኝ ዝምታው ነው። ዘፋኝ ብቻውንም ያንጎራጉራል፤ አቀናባሪ ግን ጥሩምባ ነፊና ከበሮ መቺ ከሌለው ምኑን ያቀናብራል? ሃያ አምስት ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የድሮዎቹን ሸክላዎች «ኢትዮፒክ» በሚል ተከታታይ እትም ሲያወጣ ቆይቶ ነበርና፣ የፓሪሶቹ የአካሌ ውቤ ባንድ ልጆች ሙዚቃውን ከዚያ ተምረው ጠበቋቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተከታታዩ 30ኛ አልበም አብረው ሠሩ። እውነት ለመናገር ትንሽ አንገበገበኝ፤ እኛ እዚህ ፈረንሳይኛ የምንሰማው መታወቂያ ስንጠየቅ ነው፣ የኛን ዜማ ግን እነሱ ጠብቀው ቆዩ። ቢሆንም የጠበቀ ይመስገን።

ወዳጄ ሌሊቱን ከሥራ ሲመለስ ነቅቼ ነበር። «መጨረሻው እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ተመልሰው ተጫወቱ» አልኩት። ዝም አለ። ሻይ እስኪፈላ ድረስ ጣቶቹ በጀሪካኑ ላይ ይሯሯጡ ነበር፤ እሱ ያወቀው አይመስለኝም።

«ካምፕ ውስጥ ኦርጋን አለ?» ሲለኝ ሳቅሁ። «ሁለት ክሩ የተበጠሰ አንድ ክራር አለ» አልኩት። በማግሥቱ ከዓሣ አጥማጆቹ ናይለን ገዝቶ፣ ጠቅልሎ ኪሴ ከተተልኝ።

ናይለኑ እኔ ዘንድ ነው። ክራሩን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ያለበት ሰው ይዞት ይምጣ። ቤቴ ከቧንቧው በስተጀርባ ነው።