ክላሽ ለዝንጀሮ

ሽማግሌው በሬ ሊሸጡ ነው። ከሁለቱ አንዱን፣ ያውም ደህናውን። አዲስ አበባ ቀለም መደብር ውስጥ ለሚሠራው ልጃቸው ደውለው ነገሩን ባጭሩ ጨረሱት፤ «ዝንጀሮው ዘንድሮ አላስቀምጥ ብሎናል። ክላሽ ልገዛ ነው።» ልጁ በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ተሳፈረ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው መንገድ ላይ ወረደና ወደ መንደሩ በእግሩ ገባ።

ያን አካባቢ የሚያውቅ ሰው የሽማግሌውን ምሬት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አፋፉ ላይ ደጋው አለ፤ እዚያ ጭላዳ ገብስ ውስጥ ይገባል። ከገደሉ ሥር ቆላው ይጀምራል፤ እዚያ ደግሞ የማሽላውን መድረስ ከባለቤቱ በላይ የሚጠብቀው ዝንጀሮ ነው። ማሽላው ወተት ሲቋጥር ከቋጥኙ በመንጋ ይወርዳል። በልቶ ቢጠግብ ባልከፋ፤ አንዱን ዛላ ቀንጥሶ ጥቂት ይቀምስና ይጥለዋል፣ ወደ ሌላው ያልፋል። ሌሊቱ የጃርትና የዱር አሳማ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር የቤቱ ሰው በፈረቃ ማማ ላይ ይውላል፣ ማማ ላይ ያድራል። የቀኑ ተረኛ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ሁለት፣ መሣሪያው ወንጭፍና ጅራፍ። ስሙ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል፤ እሱ ራሱ የሚገባው ግን ማሽላው ከታጨደ በኋላ ነው። እንደሱ ያለው ልጅ ብዙ ስለሆነ መምህሩም መቆጣቱን ትቶታል።

ገበሬዎቹ «ዝንጀሮ ሴትና ልጅ አይፈራም» ይላሉ። ወንድ ሲመጣ ፈቀቅ ይላል፤ ወንዱ ጠመንጃ ከያዘ ደግሞ ከሩቅ ለይቶት ይሸሻል። ስለዚህ የጠመንጃው ሐሳብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጥያቄው የትኛው ጠመንጃ የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ጠመንጃ ማለት ክላሽ ነው፤ አለቀ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ እራት ከተበላ በኋላ ልጁ ነገሩን አነሳ።

«አባዬ፣ ክላሹ ምን ያደርግልዎታል?»

«እንዴት ምን ያደርጋል? ይተኮስበታላ!»

«አምና ተኩሰው አልነበር?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። አምና ከጎረቤት ክላሽ ተውሰው ነበር። ዝንጀሮው ከማሽላው ወጥቶ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው አልመው ተኮሱ። ሳቱት። ጥይቷ ግን የሆነ ቦታ ማረፍ ነበረባት፤ ከሸለቆው ማዶ ይግጥ የነበረ የሰው በሬ ጭን ላይ አረፈች። በሬው ታረደ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ካሣ ተከፈለ። ዕርቁ ሲያልቅ ከሸምጋዮቹ አንዱ በሬው አጠገብ እረኛ እንደነበረ አስታውሰው «እግዜር ነው ያተረፈህ፤ ደም ሆኖ ይቀር ነበር» አሏቸው።

ጥይቷ ምንም አላጠፋችም። የተሠራችው ለዚያ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ስትወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ትፈተለካለች፤ አፈሙዙ ቀና ካለና የሚያግዳት ካላገኘች ሁለት ኪሎ ሜትር አልፋም ትሄዳለች። የሽማግሌው ማሳ ከዳር እስከ ዳር መቶ ሜትር አይሞላም። ከማሳው ያለፈው የጥይቷ መንገድ ሁሉ የሌላ ሰው ቤት፣ የሌላ ሰው ከብት፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ልጁ ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም። የሚያውቀውን ያወቀው ማታ ማታ ስልኩ ላይ በማንበብ ነው፤ ግን ነገሩን በደንብ ይዞታል። ለዚህ ሥራ የተሠራ ሌላ ዓይነት ጠመንጃ እንዳለ ነገራቸው፤ የአደን ጠመንጃ፣ ቱቦው ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ አንድ ጥይት ሳይሆን በአንድ ቀለህ የታጨቁ ብዙ የእርሳስ ፍሬዎችን የሚበትን። ፍሬዎቹ እስከ ሠላሳና አርባ ሜትር ድረስ ኃይል አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው ቶሎ ይደክማል። ደቃቆቹ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ላይ መሬት ወርደዋል። ድምፁ ግን ከክላሽ አያንስም፤ ዝንጀሮን የሚያባርረው ደግሞ በአብዛኛው ድምፁ ነው።

«ስንት ይጎርሳል?» አሉ ሽማግሌው።

«ርካሹ አንድ።»

«አንድ? አንድ የሚጎርስማ አያቴም ነበራቸው፤ ውጅግራ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ውጅግራ ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት የ1874 ሞዴል ነው፤ ስሙ በአገሬው አፍ ተሟሽቶ ውጅግራ ሆነ። ምንሽርም ከማንሊኸር፣ ቤልጅግም ከቤልጅየም ስሙን ይዞ ገብቷል። እያንዳንዱ የጦርነት ጠመንጃ ከነስሙ ቀረርቶ ውስጥ አለ፤ ሠርግ ላይ ይፎከርበታል፣ ለቅሶ ላይ ይወጣል። እርሳስ በትኖ ማሽላ በሚጠብቅ ጠመንጃ ሲፎከር ግን ብዙም አይሰማም። ገበሬው መሣሪያ ሲገዛ ለማሳው ብቻ አይገዛም፤ ለትከሻውም ይገዛል። ጥቁር ክላሽ ያነገተ ሰው ገበያ ሲገባ ሰላምታው ራሱ ይለያል። የልጁ ክርክር እዚህ ጋ ነው የከበደው፤ ስለ ሜትርና ስለ እርሳስ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ስለ ትከሻ ግን የሚመልሰው የለውም።

ሽማግሌው ግን የገበያ ሰው ናቸው። በሬ ሲገዙ ጥርሱንም ሰኮናውንም ሳያዩ ብር አያወጡም፤ ይህንንም በዚያው ዓይን ጠየቁት። ለምን ይረክሳል? ስለማይወሳሰብ። ባለ አንድ አፈሙዙ የአደን ጠመንጃ መሀሉ ላይ እንደ በር ይታጠፋል፣ አንድ ቀለህ ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኮሳል። ካዝና የለው፣ በጋዝ የሚሠራ የለው፤ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው። ሲታጠፍ ደግሞ ባዶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፤ ልጆች በሚመላለሱበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክላሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጉረስ አይጉረስ የሚያውቀው የሰቀለው ብቻ ነው።

ጉዳቱስ? ቀላል ስለሆነ ትከሻ ይመታል፤ ባለ አሥራ ሁለቱ በተለይ። አሥራ ሁለት የሚባለው አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ እርሳስ ለአሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡል ሲከፈል የአንዱ ውፍረት የቱቦው ስፋት ስለሆነ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠብባል። ለሽማግሌ ትከሻ ባለ ሃያው ይሻላል። ያገለገለ ከሆነ ዘግቶ መወዝወዝ ነው፤ መታጠፊያው ከተንቀጫቀጨ መተው። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው፤ ውስጡ በዝገት ከተበላ ወይም ውጪው ከረገበ መተው። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ የጉርሻው ርዝመት 65 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ባለ 70ውን ቀለህ ቢውጥም ሲተኮስ አደጋ ነው። ሽማግሌው ይህቺን መጨረሻዋን ሁለቴ አስደገሙት።

ከርካሾቹ መካከል በብዙ አገር ገበሬ እጅ የገባው «ባይካል» የሚባለው የሩሲያ ሥራ ነው፤ ቱቦው ውስጡ በክሮም ስለተለበጠ ቶሎ አይዝግም። የተሠራበት ከተማ ኢዠቭስክ ይባላል። ክላሽም የተሠራው እዚያው ነው። ከአንድ ከተማ ሁለት ጠመንጃ ወጣ፤ አንዱ ለማሳ፣ አንዱ ለጦር ሜዳ። ኢትዮጵያ ገጠር የደረሰው ሁለተኛው ነው። በደርግ ዘመን በመርከብ ገባ፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በየመንደሩ ተበተነ፤ ከዚያም ወዲህ መምጣቱን አላቆመም። ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን አገር ሄዶ ሳለ፣ ለገበሬ ሥራ የሚያግዝ ማሽን፣ ለምሳሌ የሣር ማጨጃ ፈጥሮ ቢሆን ይመርጥ እንደነበር ተናግሯል። በ2006 ታኅሣሥ ሞተ።

በዚህ መሀል ያለው ትልቁ ነገር ግን የጊዜው ሁኔታ ነው። ድሮ ማታ ተኩስ ሲሰማ ሰው «እገሌ ከርከሮ አባረረ» ብሎ ይገለበጥና ይተኛል። ዛሬ ተኩስ ሲሰማ ከርከሮ የሚያስብ የለም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጫካ ይገባል፤ በማግስቱ «ማነው የተኮሰው?» የሚል ጠያቂ ይመጣል፣ ከአንድ ወገን ብቻም አይመጣም። ክላሽ ያለው ሰው ለሁሉም ይፈለጋል፤ አንዱ ና ዝመት ይለዋል፣ አንዱ አምጣ ይለዋል። አንድ በሬ ሸጦ የገዛውን ነገር በሌሊት አንኳኩተው ሊወስዱበት ይችላሉ፤ አንዳንዴ ከነባለቤቱ። አንድ የሚጎርስ የእርሳስ ጠመንጃ ለጦርነት የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጉድለቱ አይደለም፤ ዋናው ጥቅሙ ነው።

እና ልጁ በማግስቱ ሊጠይቅ ሄደ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ አደንን። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ልጁ የሄደበት ቢሮ የተቀመጠው ሰው ግን «ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለዝንጀሮ፤ ማባረሪያ።» ሰውየው ሳቀ። ክፋት የለውም ሳቁ፤ ጥያቄው አዲስ ሆኖበት ነው። «እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ፣ ኃላፊው ሲኖር» አለው። ልጁ ደግሞ ፈቃዱ የሦስት ቀን ነው። ክላሹ ግን የትም መመላለስ አይጠይቅም፤ ለሚያውቅ ሰው አንድ ቃል ጣል ማድረግ ይበቃል። ገበሬው ሕግ አክብሮ የሚበጀውን መግዛት ሲፈልግ መንገዱ ይረዝማል፣ ሕግ ጥሶ የማይበጀውን ሲፈልግ ያጥራል። ጉምሩክ ያዝኩ ከሚላቸው ነገሮች መካከል ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ደጋግሞ ይሰማል፤ ቱርክ ውስጥ እነ ቤይሼሂር አካባቢ የአደን ጠመንጃ የሚሠሩ መንደሮች ሁሉ አሉ፤ የእነሱ ሥራ ኮንትሮባንድ ውስጥም ብዙ አይታይም። በሽጉጥ ማሽላ አይጠበቅም፤ የሚፈለገው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

መንግሥት መሣሪያ ያድል የሚል የለም። ቅርብ ላለ ሰው ከእርሳስ ጠመንጃ የባሰ ነገር የለም፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው ማኅበር በቀበሌ ሁለት ሦስት ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ መዝግቦ ቢይዝ፣ ቀለሁን ቆጥሮ በመስከረም ቢያወጣ፣ ባዶውን ቆጥሮ በኅዳር ቢረከብ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ቢያንስ በሬ ሽጦ ክላሽ ከመግዛት ይቀላል።

ቅዳሜ ሆነ። በሬው ገበያ አልወጣም። ሽማግሌው ሐሳባቸውን ለወጡ ማለት አይደለም፤ «ለሚመጣው ቅዳሜ ይቆይ» ነው ያሉት። ልጁን እስከ መንገዱ ሸኙት። ሲለያዩ «ያቺን አንድ የምትጎርሰውን የሚሸጥ፣ ከነወረቀቷ ካገኘህ ደውልልኝ» አሉት። «መታጠፊያዋን ግን ራሴ ነው የማያት።»

ልጁ መኪና እስኪያገኝ ብዙ ቆመ። ከወደ ማሳው የጅራፍ ድምፅ ይሰማል፤ ትንሹ ማማው ላይ ወጥቷል። ቀኑ ጥቅምት 14 ነበር።